ባዶው ገጽ የፊደል ጥፋት አይደለም

ባለፈው ሰሞን የግጥሞቼን ረቂቅ በመጽሐፍ መልክ ላሰናዳ ብዬ፣ ዘወትር ከምጽፍበት ከኢማክስ ሳልወጣ በላቴክ አጠናቀርሁት። በመስኮቱ ግርጌ ሥራው በሰላም እንደ ተፈጸመ የሚያበሥር መስመር ወጣ። ፒዲኤፉን ስከፍተው ግን የገጽ ቁጥር ብቻ የተተከለበት ነጭ ወረቀት ሆኖ አገኘሁት። አንዲት ፊደል እንኳ የለችም። ይህን ያየ አንድ ወዳጄ፣ «ፊደላችን እኮ ለኮምፒውተር አልተፈጠረም» ሲል ፈረደ። ዛሬ የምሟገተው ከዚህ ፍርድ ጋር ነው።

ፍርዱ አዲስ አይደለም። ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደላችንን በታይፕራይተር ላይ ለማስፈር ሲደክሙ ቁልፎቹ ለፊደላቱ ብዛት አልበቁም፤ ቅጥያው ከአካሉ ተነጥሎ እየተመታ እንዲገጣጠም ግድ ሆነ። ጠባቧ መኪናዋ ነበረች። የተወቀሰው ግን ፊደሉ ነው፤ ይቀነስ፣ ይስተካከል የሚለው ክርክርም ከዚያ ወዲህ ረገብ እያለ እንደገና ይነሣል።

በለሚ ላቴክ የሚያውቅ ጎረቤት ስላላገኘሁ አማካሪዬ አንድ ብቻ ነበር፤ ፕሮግራሙ ሲያጠናቅር የሚጽፈው መዝገብ። ኢማክስ ይህን መዝገብ ከዓይን ይሰውረዋል፤ ኮንትሮል ሲ፣ ቀጥሎም ኮንትሮል ኤል ሲጫኑ ግን ይገልጠዋል። ብገልጠው፣ በተመረጠው ቅርጸ ፊደል ውስጥ «ለ» የለም፣ «ሚ» የለም እያለ የጎደለውን ሁሉ በየስሙ ቆጥሮታል። ዚቴክ ሌላ ካልታዘዘ የሚጠቀምበት ቅርጽ የላቲን ስለሆነ ያላገኘውን ፊደል ዘልሎት ያልፋል፤ ይህንም እንደ ስሕተት አይቆጥረውም። አቢሲኒካ የተባለውን ቅርጸ ፊደል በሰነዱ ራስጌ ባውጅ ግጥሞቹ ሁሉ ብቅ አሉ።

መዝገብ ማንበብ ትዕግሥት ይጠይቃል። በመታሰቢያው ገጽ ያልዘጋኋት አንዲት ቅንፍ ስሕተቷ የተነገረኝ ከብዙ መስመር በኋላ ነው፤ ማሽኑ የሚጠቁመው የነቃበትን ቦታ እንጂ እኔ የሳትሁበትን አይደለምና። በባንክ ቤት ለምንውል ሰዎች ይህ እንግዳ አይደለም። ጉድለቱ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ይታያል፤ የተሠራው ግን ጠዋት ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ስሕተት ተነሥቶ ወደ ኋላ መፈለግ ይሻላል፤ ተከትለው የሚዥጎደጎዱት አብዛኞቹ የእርሱ ልጆች ናቸው።

«ለኮምፒውተር አልተፈጠረም» ለሚለው ደግሞ መልሱን ሌሎች አስቀድመው ሠርተውታል። ብርሃኑ በየነ ከሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር ለላቴክ የኢትዮጵያ ፊደል ጥቅል አዘጋጁ። ይትና ፍርድ ይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ «ሴራ» በተባለው ዘዴ ፊደላችን በላቲን ቁልፍ የሚጻፍበትን ሥርዐት አበጁ። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ 345 ምልክቶቻችን የየራሳቸውን ቁጥር አገኙ። ኢማክስ ራሱ በዓለም ቋንቋዎች በሚሰጠው ሰላምታ መካከል አማርኛ አለበት፤ (በንጉሡ ሠ ጽፎታል፤ የግእዝ መምህር ቢያየው በእሳቱ ሰ ያርመው ነበር)።

አንድ ችግር ግን ቀረ፤ እርሱም የከነከነኝ ነው። መቅድሙን የጻፍሁት እንደ ጥንቱ ቃላቱን በሁለት ነጥብ እየለየሁ፣ በመካከል ክፍት ቦታ ሳልተው ነበር። ፕሮግራሙ መስመር የሚሰብረው ክፍት ቦታ ሲያገኝ ብቻ ስለሆነ አንቀጹ በሙሉ አንድ ቃል መሰለው፤ ከኅዳጉ አልፎ ከወረቀቱ ወጣ። ወዳጄ «ሁለት ነጥቡን አውጣውና ተገላገል» አለኝ።

ሁለት ነጥብ ከዕለት ጽሑፋችን እየጠፋ ነው፤ ሁሉም ወደ እርሱ ይመለስ አልልም። ነገር ግን የሚተወው ጸሐፊው መርጦ እንጂ መሣሪያው ስላልተመቸው መሆን የለበትም። ለዚቴክ የመስመር አሰባበሩ በአማርኛ ደንብ እንዲሆን የሚነግር አንድ ትእዛዝ፣ በየነጥቡም ጥቂት መለጠጥ የሚፈቅድ ሌላ ትእዛዝ ጨመርሁ። መቅድሙ በኅዳጉ ውስጥ ተሰብስቦ ገባ፤ ሁለት ነጥቡም በቦታው ነው። ግጥሞቹን ግን ለዓይን ይቀላል ብዬ በክፍት ቦታ ለይቻቸዋለሁ፤ ያንን የመረጥሁት እኔ ነኝ።