ግንበኛው 6,000 ብሩን ማንን ይጠይቅ?

ወገኖቼ! የግብር ነገር ሲነሳ ሁላችንም ጣታችንን መንግሥት ላይ እንቀስራለን። ዛሬ ግን መጀመሪያ ወደ ራሴ ላዙረው።

በ2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ሰቆጣ ላይ የአንዲት አነስተኛ የሽርክና ማኅበር ሒሳብ የምይዘው እኔ ነበርኩ። የፈረሰ አጥራችንን የሚያነሳልን ግንበኛ ፈልገን፣ ከገጠር ከመጣ አንድ ብርቱ ሰው ጋር በ20,000 ብር ቁርጥ ተዋዋልን። ሰውየው ደሞዝተኛችን አይደለም፤ መዶሻውም ቱምቢውም የራሱ ነው። ሥራውን አሳምሮ ጨረሰ። እኔም 14,000 ብር ቆጥሬ ሰጠሁት።

«ጌታው፣ ስድስቱ ሺህስ?» አለኝ።

«እሱ የመንግሥት ነው» አልኩት። ዝም ብሎኝ ሄደ።

እስቲ ሕጉን እንየው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በወቅቱ እንዳዘዘው፣ አንድ ድርጅት ከ3,000 ብር በላይ የአገልግሎት ክፍያ ሲፈጽም 2 በመቶ ቀንሶ ለግብር ያስቀር ነበር (በ2017ቱ ማሻሻያ ወደ 3 በመቶ ከፍ ብሏል)። ተከፋዩ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ቲን የምንለውን፣ ካላቀረበ ግን ተቀናሹ 30 በመቶ ነው። ያልቀነሰ ከፋይ ደግሞ ዕዳው በራሱ ላይ ይወድቃል። ግንበኛችን ቲን ቢኖረው ኖሮ የሚቀርበት 400 ብር ብቻ ነበር። በአንዲት ቁጥር ምክንያት 5,600 ብር!

«ቅድመ ግብር እኮ ነው፣ ዓመቱ ሲዘጋ ይታሰብለታል» የሚለኝ አይጠፋም። እንዴ! ፋይል የሌለው ሰው በየትኛው ፋይል ይታሰብለታል? ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው።

ይህን የሚያውቁ ከፋዮች ክፍያውን እየሸነሸኑ ወይም ያለ ሰነድ በእጅ እየሰጡ ይገላገላሉ። ብልጠት ይመስላል። ነገር ግን ሰነድ የሌለው ወጪ ተቀባይነት ስለማያገኝ፣ ምስኪኑ ድርጅት ባላገኘው ትርፍ ግብር ይከፍላል።

ግብር አይከፈል አልልም። ነጋሪት ጋዜጣ ግን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይታተማል፤ የዋግ ኽምራ ገበሬ ከልጆቹ ጋር የሚያወራው በኽምጣና ነው። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር አጠፋለሁ ብሎ ሲምል ቃል ኪዳኑን በሰቆጣ ስም ጠራው። እሰየው! ታዲያ የእነዚያ ሕፃናት አባት የጉልበቱ ዋጋ ሲሶው ሊሆን ትንሽ እስኪቀረው ሲቆረጥ፣ ምክንያቱን በአፉ መፍቻ ቋንቋ የሚነግረው ሰው እንዴት ይጥፋ?

የግብር ሰዎች በገበያ ቀን ወደ ሕዝቡ ውረዱ፤ በኽምጣና አስረዱ፣ እዚያው መዝግቡ። እኛ ከፋዮችም የቀነስንበትን ደረሰኝ እጁ ላይ እናኑርለት።

ከሁሉ በፊት ግን፣ ከመዋዋላችን በፊት «ቲን አለህ ወይ?» ብዬ ብጠይቀው ኖሮ አውጥቶ ይመጣ ነበር። አንዲት ጥያቄ ናት። አልጠየቅኩትም።