እግር ታጥቦ መተኛት

በምዕራብ ሸዋ ገጠር ቀኑን ሞፈር ሲከተል የዋለ አባት ማታ ቤቱ ሲገባ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ይቀርብለታል። ልጁ ወይም ምራቱ ጭቃውን አስለቅቃ፣ ጣቶቹን አሽታ፣ ተረከዙን ፈትጋ ታጥበዋለች፤ እሱም ይመርቃታል። ወደ አምቦ፣ ወደ ጉደር፣ ወደ ጊንጪ ከተማ የገባነው ብዙዎቻችን ግን ይህን ልማድ ትተነዋል። ጫማ ለብሰን ስለምንውል እግራችን ጭቃ አይነካም፤ ታዲያ ምን አስታጠበን?

እንቅልፍ ነዋ! እንቅልፍ እንዲወስደን የውስጥ አካላችን ሙቀት ትንሽ መውረድ አለበት፤ ሙቀቱ በብዛት የሚወጣው ደግሞ በእጅና በእግር ቆዳ በኩል ነው። ለብ ያለ ውሃ የእግርን ደም ሥሮች ያሰፋቸዋል። እግሩ የቀዘቀዘ ሰው ግን ሥሮቹ ስለሚኮማተሩ ሙቀቱ አይወጣለትም፤ ብርድ ልብስ ደራርቦ ሲገላበጥ ያመሻል። እ.ኤ.አ. በ1999 የስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ተመራማሪዎች እጅና እግሩ የሞቀ ሰው ቶሎ እንቅልፍ እንደሚወስደው ኔቸር በተባለው መጽሔት አሳይተዋል። አምቦ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቷን የሚያውቅ ሰው እግር መታጠብ ለምን እንደሚጠቅም ይገባዋል። ምራት ትጠብ፣ ልጅ ትጠብ ማለቴ አይደለም። እያንዳንዱ የራሱን ይጠብ።

ከእግሩ ይልቅ የሚከብደኝ የማታው ቡና ነው። ጎረቤት የሚጠራራበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ነገር ስለሆነ ተዉት ብዬ አልደፍርም። ሰዓቱን ግን እንቀይረው እላለሁ። ቀኑን ሙሉ ስንሠራ አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል የድካም ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፤ ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ቦታውን ይይዝበትና ድካሙ እንዳይሰማን ያደርጋል። ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከሰውነታችን እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ማታ 1 ሰዓት አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ የተነሣ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ግማሹን ይዞ ነው የሚተኛው። ቶሎ ቢወስደው እንኳ እንቅልፉ ይሳሳል። ቡናው 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ይፈላ፤ ጎረቤት እንደሆነ ያን ጊዜም ይመጣል።

ይህን አጥብቄ የምለው በተለይ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ላለበት ቤት ነው። ፈተናው ሲቃረብ እናት ለልጇ አዝና በሌሊት ቡና ታፈላለታለች፤ ጓደኞቹ ደግሞ ጫት ይዘው ይመጣሉ። ቀን የተጠናው ትምህርት በአእምሮ የሚጸናው ግን በእንቅልፍ ሰዓት ነው፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ወጣት በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ያስፈልገዋል። ሌላም ችግር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው፣ ስልካቸውን ቤት ትተው፣ በማያውቁት አልጋ እያደሩ መፈተን ጀምረዋል። ሌሊት በቡና መንቃት የለመደ ልጅ እዚያ ቡናውን በልማዱ ሰዓት ላያገኝ ይችላል። ቡና የለመደ ሰው ባጣው ማግስት ራሱን ያመዋል። ያ ማግስት የፈተናው ጠዋት ሲሆን አስቡት።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ፈተናው አንድ ወር ሲቀረው ጀምሩ። ልጁ ጠዋት የሚነሣበት ሰዓት እሑድንም ጨምሮ አንድ ይሁን፤ የሚነሣበት ሰዓት ከጸና የሚተኛበት ሰዓት እየተከተለው ይመጣል። ስልኩ ሳሎን ቻርጅ ይደረግ፤ መቀስቀሻ ካስፈለገው ርካሽ የጠረጴዛ ሰዓት ይገዛለት። ማታ 3 ሰዓት ላይ ደብተሩን ይዝጋና ውሃው በሳፋ ይቅረብለት።