ቦሎው ተለጠፈ፤ ዲስኩን ግን ማን ለካው?

የዛሬው ጉዳዬ ፓርላማ አይደለም፤ ምርጫም አይደለም። ጉዳዬ አንድ ክብ ብረት ነው፤ የፍሬን ዲስክ ይባላል። “ይኼ ደግሞ ምኑ ይጻፋል?” የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ። የስንቶቻችን ነፍስ በዚህ ብረት ላይ እንደተንጠለጠለ ታያላችሁ።

ከአባቴ የወረስኳት አንዲት አሮጌ ላንድክሩዘር አለችኝ። ከ30 ዓመት በላይ አገልግላለች። ፊቷ ዲስክ፣ ኋላዋ ታምቡር ነው። ባለፈው ዓመት ፍሬኗ መጮህ ሲጀምር ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ስሙን አልጠራም፤ እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩም ነበር። በአንድ ሰዓት ውስጥ የፊት ሸራ ተቀየረና “ጨርሰናል” ተባልኩ። “ዲስኩስ?” ብዬ ጠየቅሁ። “ዲስክ ብረት ነው፣ ምን ይሆናል? በብርጭቆ ወረቀት አሸት አሸት አድርገነዋል” አሉኝ። አመንኩ። ከፍዬ ወጣሁ።

ሐምሌ ላይ ለዓመታዊ ምርመራ አቀረብኳት። መብራቷ በራ፣ ጥሩምባዋ ጮኸ፣ ፍሬን ተረገጠ፣ ቆመች። አለፈች! ጎንበስ ብሎ ዲስኩን ያየ ሰው አልነበረም። ቦሎው ተለጠፈ፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ።

ጉዱ የታየው መስከረም ላይ ነው። እናቴን እንጦጦ ማርያም አሳልሜ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወርድ መጀመሪያ መሪው ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ የተቃጠለ ነገር ሸተተን። ከዚያ ፔዳሉ እንደ ሊጥ ለሰለሰና እስከ ወለሉ ወረደ። ማርሽ ቀንሼ፣ የእጅ ፍሬን ስቤ፣ ጎማውን ከመንገዱ ጠርዝ ጋር እያፋተግሁ እንደምንም አቆምኳት። እናቴ መቁጠሪያዋን እንደጨበጠች “አንተ ልጅ፣ ፈጣሪን አትፈታተነው” አለችኝ። ምን ልመልስላት? ቦሎው ፊት ለፊታችን መስታወቱ ላይ ተለጥፏል።

መኪናዋን አስጎትቼ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት። “ጋሼ፣ ሸራው እኮ አዲስ ነው” አልኳቸው። “ሸራውስ አዲስ ነው ልጄ፤ የሚይዘው ብረትስ?” አሉኝ። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈገፈጉና ዲስኩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አሳዩኝ። ለካስ ፋብሪካው ራሱ “ከዚህ ውፍረት በታች አትጠቀሙብኝ” ብሎ ጽፎበታል! ለኩት። ከገደቡ በ1.5 ሚሊሜትር ያንሳል።

አንባቢ ሆይ፣ 1.5 ሚሊሜትር ምን አላት አትበል። ፍሬን ሥራው የመኪናን ሩጫ ወደ ሙቀት መለወጥ ነው፤ ያንን ሙቀት የሚሸከመው ደግሞ ዲስኩ ነው። ሲሳሳ የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ወደ ሸራው፣ ከሸራው ወደ ካሊፐሩና ወደ ፍሬን ዘይቱ ይሻገራል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት። ዓመታት ቆይቶ እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይሠራል፤ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል። እግርህ አረፋ ይረግጣል እንጂ ፍሬን አይረግጥም።

ታዲያ ጋራዡ ዲስኩን ለምን ዘለለው? ሥራው ከባድ ስለሆነ ነዋ! በእንዲህ ያለ አሮጌ ላንድክሩዘር ዲስኩ ከጎማው መቀመጫ በስተጀርባ በብሎን የታሰረ ነው። እሱን ለማውጣት ካሊፐሩ ተፈትቶ በሽቦ መንጠልጠል አለበት፤ በቱቦው ከተንጠለጠለ ቱቦው ይጎዳል። ከዚያ መቀመጫው ይፈታል፣ ኩሽኔታው ወጥቶ ይታጠባል፣ አዲስ ግሪስ ይጠጣል፣ ሲመለስም በልኩ ይጠብቃል። ዲስክ በጥንድ ይቀየራል፤ ግራው ተቀይሮ ቀኙ አይቀርም። አዲሱ ዲስክ ከዝገት መከላከያ ዘይቱ ይጸዳል፤ ሸራውም አብሮት አዲስ ይሆናል። መኪናዋ ከመንቀሳቀሷ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሞ ይረገጣል። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሸራ ብቻ መቀየር የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ደንበኛው “ስንት ነው?” እንጂ “ስንት ሚሊሜትር ቀረው?” ብሎ አይጠይቅም። እኔም አልጠየቅሁም። ቶርኖ ቤት የሚያስልጩም አሉ፤ ተልጦ ከገደቡ በላይ ከቀረ መልካም። ማን ይለካል?

ግን ጣቴን ጋራዡ ላይ ብቻ ቀስሬ አልሄድም። ሶማሌ ተራ ዞሬ የዲስክ ዋጋ ጠይቄያለሁ። ኦርጅናሉ የሁለት ወር የጽሑፍ ክፍያዬን ጠቅልሎ የሚበላ ነው። ይህ ከሰማይ የወረደ መቅሰፍት ነው እንዴ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጫነ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ብር ለገበያ ተለቀቀና በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የእያንዳንዱ ውሳኔ ባለቤት የየራሱ ምክንያት ይኖረዋል። ድምሩ ግን አንድ ነው፦ “አሮጌ መኪናህን ይዘህ ቆይ፤ መጠገኛዋን ግን አትቻል።” ኤሌክትሪክ ግዙ ለሚሉን ደግሞ አንድ ነገር ልንገራቸው። የኤሌክትሪክ መኪናም የሚቆመው በዲስክና በሸራ ነው።

የምንጠይቀው ተአምር አይደለም። አንደኛ፣ ምርመራ ጣቢያ የዲስክ ውፍረት ለክቶ ቁጥሩን በወረቀት ይጻፍልን፤ መለኪያው የኪስ ዕቃ ነው። ሁለተኛ፣ የፍሬን ዕቃ ቅንጦት አይደለምና ቀረጥና ታክሱ ይነሣለት። ሦስተኛ፣ ጋራዦች አሮጌውን ዲስክና ሸራ ለባለቤቱ በእጁ ያስረክቡ። አራተኛ፣ እኛ ባለመኪኖች ከዋጋ በፊት ልክ እንጠይቅ።

እኔ ተበድሬ ሁለቱንም ዲስኮች አስቀይሬያለሁ። አሮጌዎቹን አልጣልኳቸውም፤ ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው። “መኪናዋ ብቁ ናት” ብሎ ቦሎ የለጠፈልኝ ባለሥልጣን ሲመቸው ይምጣና ይለካቸው። መለኪያውን እኔ አውሰዋለሁ። ከእናቴ ጋር ያንን ቁልቁለት አብሮን ሲወርድ ስላልነበረ፣ ቢያንስ ብረቱን በእጁ ይዳስሰው።

ቸር ይግጠመን!