ለልብም ቀጠሮ ይያዝ

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወስደው ዳገት ማንንም ያለከልካል። የተራራው አናት ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህም የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደማቸው የሚገኝ፣ መድኃኒታቸውን ሳያዛንፉ የሚወስዱ፣ ሃምሳን የተሻገሩ እናት ትንፋሽ ሲያጥራቸው «ዳገቱ ነው» ብለው ያልፉታል። ማታ እግራቸው ሲያብጥም «ቆሜ ስለዋልኩ ነው» ይላሉ። ሁለቱም የልብ ድካም ምልክት ሊሆኑ እንደሚችሉ የነገራቸው የለም። ቀጠሮ ደርሶ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ የሚጠየቁት ክኒኑን ስለ መዋጣቸው ነው።

በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት (ኤአርቲ) በነፃ መታደል ሲጀምር ጥያቄው ሰው ይተርፋል ወይ የሚል ብቻ ነበር። የአዲስ አበባዋ ጉለሌ ክፍለ ከተማ ያንን ዘመን በቅርብ አይታዋለች፤ ተስፋ የቆረጠው ሁሉ ወደ እንጦጦ ማርያም ጸበል ይወጣ ነበር። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ መናገራቸው የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል ብዬ አምናለሁ። ያኔ በ35 ዓመቱ መድኃኒት የጀመረ ሰው ዛሬ ከ50 አልፏል። ደም ግፊትና ስኳር ቫይረስ ኖረም አልኖረም የሚመጡበት ዕድሜ ነው።

ቫይረሱ ሲኖር ደግሞ ይብሳል። በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን (ቫይራል ሎድ) በምርመራ «አይታይም» ቢባል እንኳ የሰውነት መከላከያ ፈጽሞ አያርፍም፤ አመድ ውስጥ እንደ ተዳፈነ ረመጥ ውስጥ ውስጡን ይግላል። ያ የማያባራ ብግነት የደም ሥርን ግድግዳ ይጎዳል፣ ስብ እንዲለጠፍበት ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2018 «ሰርኩሌሽን» በተባለው የልብ ሕክምና መጽሔት የወጣ የጥናቶች ትንተና፣ ቫይረሱ ያለበት ሰው በልብና በደም ሥር በሽታ የመያዝ ዕድሉ ከሌለበት ሰው በእጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ከቀድሞዎቹ መድኃኒቶች አንዳንዶቹም ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጉ ነበር። አሁን በስፋት የሚሰጠው ዶሉቴግራቪር በዚህ በኩል ይሻላል፤ ግን ክብደት የሚጨምርባቸው ሰዎች አሉ። በእኛ አገር ደግሞ ቲቢም አለ፤ ልብን በሸፈነው ከረጢት ውስጥ ፈሳሽ እያጠራቀመ ልብን ሊያፍን ይችላል።

መፍትሔው አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ የሆነው «ሪፕሪቭ» የተባለ ጥናት በ12 አገሮች 7,769 ሰዎችን አሳትፎ፣ ፒታቫስታቲን የተባለ የኮሌስትሮል ክኒን በየቀኑ መውሰድ ድንገተኛ የልብ ሕመምን (ሃርት አታክን)፣ ስትሮክንና መሰል አደጋዎችን በ35 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ተሳታፊዎቹ ከ40 እስከ 75 ዓመት የሆኑ፣ በተለመደው ስሌት የልብ አደጋቸው ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ ነው የተባለ ሰዎች ናቸው። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ፣ ቦትስዋና፣ ዩጋንዳና ዚምባቡዌ ነበሩበት፤ እኛ አልነበርንበትም። ውጤቱ ግን ለእኛም ይሠራል።

እኔን የሚያሳስበኝ መድኃኒቱ የሚሰጥበት ቦታ ነው። ኤአርቲ ክፍል የሚታደለው ክኒን ነፃ ነው፤ የግፊቱና የኮሌስትሮሉ ግን ወይ ከኪስ ወይ ከጤና መድን ነው፣ ያውም በሌላ ክፍል፣ በሌላ ሰልፍ። ብዙ ሰው ደግሞ መገለልን ስለሚፈራ ግፊቱን ለመታየት ከሰፈር ርቆ ሌላ ክሊኒክ ይሄዳል፤ እዚያም ስለ ቫይረሱ ትንፍሽ አይልም። እዚህ ላይ ነው አደጋው። ሁለተኛ ደረጃ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ላይ ያለ፣ ሪቶናቪር የሚወስድ ሰው ሲምቫስታቲን የተባለው የኮሌስትሮል ክኒን ቢታዘዝለት ሁለቱ ተጋጭተው ጡንቻውን ክፉኛ ሊጎዱት ይችላሉ። አምሎዲፒን የተባለው የግፊት መድኃኒትም ከሪቶናቪር ጋር ሲገናኝ ይበረታል። ሐኪሙ እንዳይፈረድበት፣ አልተነገረውም። ታካሚውም እንዳይወቀስ፣ ሲያሸማቅቁት የኖሩት እኛ ነን።

የስድስት ወር ቀጠሮ መምጣቱ ትልቅ እፎይታ ነው፤ የቀን ሠራተኛው ከሥራው አይቀርም፣ ነጋዴዋ ሱቋን አትዘጋም። ይሁን እንጂ ባለሙያ ዓይን የሚያርፍባቸው በዓመት ሁለቴ ብቻ ሆኗል ማለት ነው። እነዚያ ሁለት ቀኖች ግፊት ሳይለካ፣ ስኳር ሳይታይ፣ ኮሌስትሮል ሳይመረመር ሊያልፉ አይገባም። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ርዳታ ሲቆም ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ባለሙያዎችን ውል ማቋረጡ ሸክሙን እንዳከበደው አውቃለሁ። ክንድ ላይ የግፊት መለኪያ መጠቅለል ግን የውጭ ርዳታ አያስጠብቅም።

ጉለሌ ደግሞ ለመጀመር የተመቸች ናት። የጳውሎስ ሆስፒታልና የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ ሰፈርተኛው እስካሁን ፓስተር የሚለው፣ እዚሁ ናቸው። የከተማዋ ጤና ቢሮ በክፍለ ከተማው ጤና ጣቢያዎች የግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒት ከኤአርቲው ጋር በአንድ ጠረጴዛ፣ በአንድ ካርድ፣ በነፃ እንዲሰጥ ይወስን። እስከዚያው ግን ቫይረሱ በደማችሁ ያለ ወገኖቼ፣ በሚቀጥለው ቀጠሯችሁ ግፊታችሁን ሳትለኩ እንዳትወጡ። ሌላ ቦታ መድኃኒት ሲታዘዝላችሁም የምትወስዱትን ክኒን ዕቃ ይዛችሁ ለሐኪሙ አሳዩት፤ ምሥጢራችሁን የመጠበቅ ግዴታ አለበት።