ከመድኃኒቱ በፊት ማይክሮስኮፑ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ድርጭት ግን በሽታዋን የምትደብቀው በተፈጥሮዋ ነው። በሜዳ ላይ የደከመች ወፍ ለጭልፊት ቀዳሚ ሲሳይ ስለምትሆን፣ አቅሟ ፈጽሞ እስኪከዳት ድረስ እንደ ጤነኛ ትጭራለች፣ ትለቅማለች። ላባዋን ነፍታ፣ ዐይኗን ከድና ጥግ ስትይዝ ባለቤቷ «ዛሬ ታመመች» ይላል፤ ሕመሙ ግን ብዙውን ጊዜ ቀናትን አስቆጥሯል።

እኔም ያልሁት ይህንኑ ነበር። በቤቴ በረንዳ ላይ 12 የጃፓን ድርጭቶች ነበሩኝ፤ በደጋው ማሳችን ውስጥ ለምትኖረው የዱር ድርጭት የቅርብ ዘመድ የሆኑ፣ ግን ሌላ ዝርያ ናቸው። በአንድ ዝናባማ ሳምንት አንዷ አንቀላፋች፤ በማግስቱ ሞታ አገኘኋት። ወደ አንድ መድኃኒት መሸጫ ብሄድ ሻጩ የጠየቀኝ «ስንት ናቸው?» ብቻ ነበር። ቴትራሳይክሊን ሰጠኝ፤ በመጠጫቸው በጠበጥሁት። በአራት ቀን ውስጥ ሌሎች አራት ሞቱ።

ዛሬ ሳስበው ስሕተቱ ድርብርብ ነበር። የታመመች ወፍ ውኃ የምትጠጣው ጥቂት በመሆኑ፣ መድኃኒቱን በብዛት የሚወስዱት ጤነኞቹ ናቸው። ለእንቁላላቸው ብዬ የምሰጣቸው የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ደግሞ ካልሲየም ነው፤ ካልሲየም ቴትራሳይክሊንን አስሮ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል። ከሁሉም በላይ ግን በሽታው ምን እንደሆነ አላወቅሁም ነበር።

በኋላ አንድ ባልደረባዬ ከጉዝጓዙ ላይ ጥቂት ትኩስ ኩስ ወስዶ፣ ጨው እስከማይሟሟበት ድረስ በገባበት ውኃ በጠበጠው። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ከላይ የተንሳፈፈውን በማይክሮስኮፕ አየን። ስፋታቸው የአንድ ሚሊሜትር ሃምሳኛ ግድም የሆነ ሞላላ ሕዋሳት መስኩን ሞልተውታል። ኮክሲዲያ ነበሩ፤ ባክቴሪያ ሳይሆኑ የአንጀትን ግድግዳ የሚያፈርሱ ባለአንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሕዋስያን። ጥቂቶቹ በጤነኛ ወፍም ይገኛሉ፤ ከእንዲህ ያለ ብዛትና ከሞቱት ወፎች አንጀት ቁስለት ጋር ሲታዩ ግን ምስክርነታቸው ጠንካራ ነው።

ለዚህ የሚሆነው አምፕሮልየም ነው። አሠራሩም የሚያስደንቅ ነው፤ ቫይታሚን ቢ1ን ስለሚመስል ተሕዋሱ ቫይታሚኑን እንዳያገኝ ይከለክለዋል። በመሆኑም «ማጠናከሪያ ይሆናታል» ብሎ በዚያው ሰሞን ቢ1 በብዛት የሚሰጥ ሰው የራሱን መድኃኒት ያከሽፋል። እርጥቡን ጉዝጓዝ አስወግዶ በደረቅ መተካትም የሕክምናው ግማሽ ነው፤ የኮክሲዲያ እንቁላል መሰል ሕዋስ ለመበከል የሚበቃው በእርጥበትና በሙቀት ውስጥ ነውና። ሰባቱ ተረፉ።

ያው አንቀላፊ ወፍ ግን ሌላ በሽታ ሊኖራት ይችል ነበር። በ1907 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተገለጸውና «የድርጭት በሽታ» እስከ መባል የደረሰው አንጀት አቍሳይ ሕመም መንሥኤው ክሎስትሪዲየም ኮሊነም የተባለ ባክቴሪያ ነው፤ እርሱን ተስማሚ አንቲባዮቲክ ይረዳዋል። ፈንግል ቢሆን ቫይረስ ነውና ክትባት እንጂ ፈዋሽ የለውም፤ ቴትራሳይክሊንም፣ ፌጦም፣ አረቄም አያድንም። እንቁላል አልወጣ ብሏት የምትጨነቅ ወፍ ደግሞ ምናልባት የጎደላት ካልሲየም ብቻ ይሆናል። ላባዋን የነፋች ወፍ ከሩቅ ታይታ ከእነዚህ መካከል የትኛው እንዳለባት የሚለይ ሰው አላውቅም።

«የምርመራው ዋጋ ከወፏ ይበልጣል» የሚሉኝ አሉ። የወፏን ዋጋ ብቻ ካሰብን እውነት ነው። ነገር ግን ያለአግባብ የተሰጠ አንቲባዮቲክ በወፏ አንጀት ውስጥ መድኃኒቱን የተለማመዱ ባክቴሪያዎችን መርጦ ያስቀራል፤ ቅሪቱም ልጆቻችን በሚበሉት እንቁላል ውስጥ ይገባል። ይህ ሒሳብ በድርጭት ዋጋ አይተመንም። ደግሞስ ምርመራው የጠየቀን ምን ነበር? ጨው፣ ውኃ፣ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜና ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ማስተማሪያ ከተቀመጡት ማይክሮስኮፖች አንዱን።

ስለዚህ የሥነ ሕይወት ቤተ ሙከራዎቻችን በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ለአካባቢው ወፍ አርቢዎች ክፍት ይሁኑ እላለሁ። ተማሪው እውነተኛ ናሙና ያያል፤ አርቢውም መድኃኒት ከመግዛቱ በፊት መልስ ያገኛል። መድኃኒቱን የሚያዝዘው የእንስሳት ሐኪሙ ነው፤ እኛ የምንሰጠው ያየነውን ብቻ ነው። ወፎች በድንገት በብዛት የሞቱ እንደሆነ ግን ማንም በድኑን በቤቱ ከፍቶ አይይ፤ የወፍ ኢንፍሉዌንዛ ሊሆን ስለሚችል በቀጥታ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገር። ከዚያ ውጭ አርቢው የሚያመጣው የዚያን ዕለት ጧት የተጣለ ኩስ በንጹሕ ዕቃ፣ የሞተች ካለችም በሁለት ላስቲክ ተጠቅልላ በቅዝቃዜ የቆየች፣ ነገር ግን በረዶ ያልሆነች ወፍ ነው።