«ሀበሻ ነኝ» ዋስትና አይሆንም

ያገለገለ ላፕቶፔን ለሽያጭ ሳወጣ አንድ ገዢ በአማርኛ «እህቴ» እያለ ጻፈልኝ። ከዋጋው 300 ዶላር የሚበልጥ ቼክ ልኮ ትርፉን በዜል እንድመልስለት ጠየቀኝ። ገንዘቡን አካውንቴ ላይ ሳየው መለስኩለት። ከሳምንት በኋላ ቼኩ ሐሰተኛ ሆኖ ተገኘና ባንኩ ሙሉውን መልሶ ወሰደው፤ የላክሁት 300 ዶላርም በዚያው ቀረ።

ገንዘብ አካውንት ላይ ታየ ማለት ቼኩ ተጣርቷል ማለት አይደለም፤ በዜል የላኩት ደግሞ እንደ ጥሬ ገንዘብ ነው።

እኛ ዘንድ «እስኪ ላረጋግጥ» ማለት እንደ ንቀት ይቆጠራል። አጭበርባሪው የሚተማመነው በዚህ ይሉኝታችን ነው። ስለዚህ ከዋጋ በላይ የሚከፍል ገዢ ሲመጣ ሽያጩን ተዉት፤ ዕቃ ስትለዋወጡም በቀን፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ ይሁን። እውነተኛ ወገን ብትጠነቀቁ አይከፋውም።