ዕድሜው ያልተሰወረ ሊሞዚን

በዚህ ሳምንት ከሱሉልታ የሰማሁት የአንድ ሊሞዚን ሽያጭ እጅግ ደስ ስላሰኘኝ፣ ልጽፈው ያሰብሁትን ሌላ ጉዳይ ለሚመጣው ሳምንት አሳድሬ ይህን አስቀደምሁ። ባለንብረቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ በአዲስ አበባ ለብዙ ዘመን ሙሽሮችን ሲያመላልስ የኖረውን ነጭ ሊንከን ለመሸጥ በቆረጡ ጊዜ፣ ደላላው ከመምጣቱ አስቀድመው ወረቀት አንሥተው የመኪናውን ሕፀፅ አንድ በአንድ ጻፉ፤ ይኸውም ሞተሩ አንድ ጊዜ መውረዱን፣ የኋላው ፍሬን ቶሎ ቶሎ ማለቁን፣ በዝናብ ጊዜ በአንዱ በር ውሃ መግባቱን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በመቁጠሪያው ላይ የሚታየው ቁጥር ኪሎ ሜትር ሳይሆን ማይል መሆኑን ነው።

«ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ከነገሩት ማን ይገዛዎታል?» አላቸው ደላላው።

«የሚገዛኝ ልጅ ሙሽራ ይጭንበታል፤ ሳያውቅ ከሚጭን ሳይሸጥልኝ ቢያድር ይሻለኛል» ብለው መለሱለት።

ገዢው የቡራዩ ወጣት ነው። ወረቀቱን ደጋግሞ አንብቦ፣ ከዋጋው ጥቂት አስቀንሶ፣ ቀብዱን በዚያው ቀን ከፈለ።

ከመኪና ደላሎች ጋር ያለኝ ክርክር የቆየ መሆኑን የዚህ ዓምድ አንባብያን ያውቃሉ፤ የማይልና የኪሎ ሜትሩንም ነገር አጥብቄ የማነሣው ስለዚሁ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ መኪና የሄደውን መንገድ የሚቆጥረው በማይል ስለ ሆነ፣ ሁለት መቶ ሺህ የሚል ቁጥር ያሳየ ሊሞዚን በእኛ አቆጣጠር ወደ 322,000 ኪሎ ሜትር ተጉዟል። ደላላው «ሁለት መቶ ሺህ ብቻ ነው የነዳው» ብሎ ሲምል፣ ቁጥሩን እንደ ተጻፈ አነበብሁ እንጂ አልዋሸሁም ይላል፤ ገዢው ግን ምድርን በወገቧ ሦስት ጊዜ የሚያዞር መንገድ ተሰውሮበት ወደ ቤቱ ይሄዳል። መቁጠሪያውን በኮምፒዩተር ወደ ኋላ የሚያስመልሱትማ መዳልወ ሐሰት ይዘው ገበያ ከሚቆሙት የሚለዩበትን ምክንያት እስከ ዛሬ ያስረዳኝ ሰው የለም። «ገበያው እንዲህ ነው» የሚለውን መልስ ሰምቼዋለሁ፤ መልስ ነው ብዬም አልቀበለውም።

ነገሩ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተቈጣሁ። ነገር ግን እንዲህ ያለው ሊሞዚን ከፋብሪካ ሲወጣ ረጅም ሆኖ የተወለደ አይደለም፤ አምስት ሜትር ተኩል ያህል የነበረው ሊንከን ታውን ካር ከወገቡ ተቈርጦ፣ በመካከሉ እስከ ሦስት ሜትር የሚደርስ አካል ተበይዶበት፣ የፍሬኑ ቱቦና ኃይልን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ ተቀጥሎ፣ ለጥቂት ሰዎች የታሰበው ሻንሲ ሙሽራውን፣ ሙሽራዪቱንና ሚዜዎቹን ሁሉ እንዲሸከም የተደረገ ነው። ፎርድ ታውን ካርን መሥራት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ ሆነ፣ ዛሬ በእጃችን ካሉት ታናሹ እንኳ በዕድሜ የጠና ነው። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 26 ቀን 2011 በኒውዮርክ ግዛት በስኮሃሪ ከተማ፣ እንዲሁ ተቈርጦ የተራዘመ እ.ኤ.አ. የ2001 ሞዴል ፎርድ ኤክስከርሽን ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬኑ እምቢ ብሎት ሃያ ሰዎች ሞተዋል፤ ተሳፋሪዎቹም ወደ ልደት በዓል ይሄዱ የነበሩ ወዳጆችና እኅትማማቾች ነበሩ። መኪናው ከዚያ በፊት በነበረው ወር ምርመራ ወድቆ ከመንገድ እንዲወጣ ታዝዞ ነበር። እኔ ይህን ባሰብሁ ቍጥር ከሱሉልታ ተነሥቶ የእንጦጦን ቁልቁለት ወደ አዲስ አበባ የሚወርደው፣ በአበባና በነጭ ጥብጣብ ያጌጠው ሊሞዚን በዓይኔ ይመጣብኛል።

ያረጀ መኪና በአገራችን ከዋጋው የማይወርደው ለምን እንደ ሆነ ለሁሉ የታወቀ ነው። በ2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪናዎች ላይ እስከ አምስት መቶ በመቶ የሚደርስ ኤክሳይስ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ በእጅ ያለው ሊሞዚን ምትክ የሌለው ሆኖ፣ በቦሌ አዳራሾች በር የነበረው ክብር ሲደበዝዝ ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩና ወደ ሱሉልታ ይሻገራል፤ ከጥር እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ፣ ከትንሣኤም በኋላ፣ በኮብልስቶኑና በፍጥነት መቀነሻው ጉብታ ላይ ሆዱን እየፈተገ ሙሽሮችን ያጅባል። እነዚህ ከተሞች ከ2015 ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ሲተዳደሩ፣ የሰበታ ልጅ የአዲስ አበባ ልጅ ባገኘችው ክብር ወደ ሥርዓተ ተክሊል ብትሄድ እኔ ምንም ቅሬታ የለኝም። ሊሞዚን ብክነት ነው እያሉ የሚጽፉልኝ ሰዎች የራሳቸውን ልጅ በፈለጉት ይዳሩ። ቅሬታዬ የሌላው ከተማ ጌጥ የነበረው ሲያረጅ ዕድሜው ተሰውሮ ለእነዚህ ከተሞች ልጆች መሸጡ ነው።

ለመሆኑ እውነቱን ጽፎ መሸጥ ለዚህ አገር እንግዳ ነገር ነውን? በጎንደር ዘመን መሬትና ቤት ሲሸጥ የሻጩና የገዢው ስም፣ በወቄት ወርቅ የተቈረጠው ዋጋ፣ ነገሩን የሰሙት ዳኛና ምስክሮች ሁሉ በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ኅዳግ ላይ ይጻፉ ነበር፤ በእንዲህ ያሉ ጽሑፎች ላይም ውሉን የሚያፈርስ በግዝት እንዲያዝ የሚያስፈራ ቃል ይጨመር ነበር። የወንጌል ብራና ውድ ነገር ሆኖ ሳለ አባቶቻችን ከዳሩ ላይ ለሽያጭ ቦታ መስጠታቸው፣ የመግዛትና የመሸጥ ነገር ከኅሊና ውጭ የሆነ ጉዳይ አለመሆኑን ስላመኑ ይመስለኛል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ እንዲሆን ያዝዛል። የጐደለው ሕጉ አይደለም፤ ጉድለቱ ሲሸጥ ያልተጻፈ ነገር በኋላ በዳኛ ፊት ለማስረዳት አስቸጋሪ መሆኑ ነው።

ቤልጅየም ይህን ችግር በቀላል መንገድ አቃልላዋለች፤ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ መኪና ጋራዥና ምርመራ በገባ ቍጥር የመቁጠሪያው ንባብ ይመዘገባል፤ ሻጭም የዚህን ታሪክ ማስረጃ ለገዢ ሳያስረክብ መሸጥ አይችልም። እኛም መኪና ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ ለቦሎ ይመረመራል። በዚያ ቀን የተነበበው ቁጥር፣ ማይል ይሁን ኪሎ ሜትር ተለይቶ፣ ከሊብሬው ጋር ተያይዞ በሚተላለፍ ወረቀት ላይ ቢጻፍ ከአንድ መስመር ቀለም በላይ የሚጠይቅ አይደለም፤ የሸገር ከተማ ሹማምንት ከሌላው ቀድመው ቢጀምሩት በብርቱ እደግፋቸዋለሁ። እስከዚያው ድረስ ግን፣ ሊሞዚን ልትገዙ የምታስቡ የሰበታና የቡራዩ ወጣቶች ሆይ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የራሳችሁን መካኒክ ይዛችሁ ከመኪናው ሥር ግቡ፤ ብየዳውንና ሻንሲውን አስመርምሩ፤ ፍሬኑን ሳታስፈትሹም በእንጦጦ ቁልቁለት ወደ አዲሱ ገበያ አትውረዱ።